በገበያ የቆሙት፦ የአቴና አደባባይ ፍርስራሽና የእኛ ስደት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በዲራ፣ በሻርጃና በዓጅማን የምትኖሩ ምእመናን፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን ስናጠና አንዲት እኅታችን እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ቅዱስ ጳውሎስ በሰንበት ወደ ምኩራብ መሄዱ ይገባኛል። በየቀኑ ገበያ ምን ሊሠራ ይወጣ ነበር?» ጠያቂዋ ራሷ ውሎዋ ዲራ ገበያ መሐል፣ ሱቅ ውስጥ ነው። ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ስለ ሆነ የዛሬውን ትምህርት በእርሱ ላይ አድርገነዋል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን «ገበያ» ብሎ የተረጐመው ቃል በግሪኩ «አጎራ» ነው። አጎራ የዕቃ መሸጫ ብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ፣ የከተማው ምክር ቤት፣ የጣዖታቱ መሠዊያ፣ የፈላስፎቹ መዋያ፣ ባሪያ የሚሸጥበት ቦታ ሳይቀር እዚያው ነበር። በእኛ አገር ቢሆን የመርካቶን ግርግር፣ የቀበሌን ወረፋና የችሎትን ደጅ አንድ ሜዳ ላይ ማምጣት ማለት ነው።

የአቴናው አጎራ ፍርስራሽ ዛሬም ከአክሮፖሊስ ኮረብታ በታች፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ይጎበኛል። ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሲቆፍሩት ኖረዋል፤ ለቁፋሮውም ወደ 400 የሚጠጉ ቤቶች ፈርሰዋል። (ለጥንቱ ድንጋይ ሲባል የዘመኑ ሰው ከቤቱ ተነሥቷል፤ ይህንንም ማሰብ ይገባል።) ጎብኚ ገብቶ የሚያየው በአብዛኛው መሠረት፣ የተሰበረ ዓምድና ሣር ነው። በምሥራቅ በኩል የአታሎስ አዳራሽ የሚባለው ባለ ሁለት ፎቅ ረጅም ሕንፃ ከ1953 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ተሠርቶ ሙዚየም ሆኗል። በጥንት ጊዜ 42 ሱቆች ነበሩት፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ አቴና በመጣበትም ዘመን ቆሞ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ደግሞ የቅዱሳን ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከተሠራች ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናታል።

እኛን በይበልጥ የሚነካን በምዕራብ ያለው ዝቅተኛ ኮረብታ ነው። ጎብኚዎች ወደዚያ የሚወጡት የአንጥረኞች ጣዖት የነበረውን የሄፋይስቶስን ቤተ መቅደስ ለማየት ነው። ሕንፃው ለብዙ መቶ ዓመታት በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በማገልገሉ ሳይፈርስ ቆይቷል። ያ ኮረብታ ግን በጥንት አቴናውያን ዘንድ ሌላም ስም ነበረው፤ የቅጥረኞች ኮረብታ ይሉት ነበር። ጉልበቱን የሚያከራይ ሰው እዚያ ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል።

አሁን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን እናስታውስ። ጌታችን ምሳሌውን የተናገረው በአይሁድ ምድር ነው፤ ወንጌላዊው የጻፈው ቃል ግን ያው አጎራ ነው። ባለ ወይኑ በማለዳ ወጣ፣ በሦስት ሰዓት ወጣ፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ወጣ። በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አሁንም የቆሙ ሰዎች አገኘ። ለምን ሥራ ፈትተው እንደ ዋሉ ሲጠይቃቸው የቀጠራቸው ሰው እንደሌለ ነገሩት። እርሱም አልተከራከራቸውም፤ ወደ ወይኑ ቦታ ላካቸው።

አባቶቻችን እነዚህን ሰዓታት አንድም የዓለም ዘመናት፣ አንድም የሰው ዕድሜ እያሉ ያመሠጥሯቸዋል። ምሥጢሩ እንዳለ ሆኖ ንባቡንም እንየው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ሰነፍ ሰው እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገበያ ቆሞ አይጠብቅም። በቪዚት ቪዛ መጥቶ ቀኑን እየቆጠረ፣ በዲራ ጎዳና ስልኩ እስኪጠራ የሚጠብቅ ወንድም ይህን ያውቃል። የቤት ሥራ ውሏ ፈርሶ አንድ ክፍል ውስጥ ከስምንት ሰው ጋር የምትተኛ እኅትም ታውቀዋለች። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስናገኛቸው «ምነው ሥራ አትፈልግም?» ማለት ቀላል ነው። ባለ ወይኑ ግን አንዲት ሰዓት ለሠራው የሙሉ ቀኑን ዲናር ሰጠው፤ ያ ሰው ቤት እንጀራ የሚፈልጉ ልጆች የሚራቡት የአንድ ሰዓት ረሀብ አይደለምና።

በአቴና የነበረው የስደተኛ ኑሮም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከቅዱስ ጳውሎስ 400 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በዚያ የሚኖር የሌላ አገር ሰው «ሜቲክ» ይባል ነበር። ሜቲክ ዋስ የሚሆነው አንድ ዜጋ ሊኖረው ግድ ነበር፤ ዛሬ «ከፊል» እንደምንለው ነው። ወንዱ በዓመት 12 ድራክማ፣ ራሷን ችላ የምትኖር ሴት 6 ድራክማ ግብር ይከፍሉ ነበር። ያልከፈለ ለባርነት እስከ መሸጥ ይደርሳል። በአክሮፖሊስ ላይ ኤሬክቴዮን የተባለው ቤተ መቅደስ ሲሠራ የተከፈለው ደመወዝ በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ማንነታቸው ከታወቀው 86 ሠራተኞች መካከል 24ቱ ዜጎች፣ 42ቱ ሜቲኮች፣ 20ዎቹ ባሪያዎች ናቸው። የቀን ሒሳባቸው እኩል አንድ ድራክማ ነበር፤ የባሪያው ግን ወደ ጌታው ኪስ ይገባል። ዓለም የሚያደንቀውን ሕንፃ ከሠሩት ግማሽ ያህሉ ስደተኞች ነበሩ ማለት ነው።

በኪሳችን ያለው «ድርሃም» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድራክማ ነው። አቴና መሄድ የማይችል ከዳይድ በስተ ደቡብ ወዳለችው ምሊሓ ይሂድ፤ የሻርጃ ሰው ሩቅ አይሆንበትም። በዚያ ከግሪክ ደሴት ከሮዶስ የመጡ፣ ማኅተም ያለባቸው የወይን ጠጅ እንስራ እጀታዎች፣ የታላቁ እስክንድርን ገንዘብ አስመስለው የተሠሩ ሳንቲሞችም ተገኝተዋል። የገበያ መንገድ ከጥንት ጀምሮ በዚህ በረሃ ያልፍ ነበር።

ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ ገበያ የወጣው ሰው ያለው እዚያ ስለ ነበረ ነው። ወደ ምኩራብ የሚመጣው እግዚአብሔርን የሚፈራው ነው፤ ገበያ ግን ሁሉ ይመጣል። ፈላስፎቹ «ለፍላፊ» ብለው ሰደቡት። የግሪኩ ቃል መጀመሪያ የሚነገረው የወደቀ ጥሬ ለምትለቅም ወፍ ነበር። ከዚያ ስድብ በኋላ ነው በአርዮስፋጎስ ቆሞ የሰበከው፤ ዲዮናስዮስና ደማሪስም ያመኑት።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከገበያ ጋር የቆየ ዝምድና አላት። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ በግሪክ ይጽፉ ነበር፤ የንጉሥ ኢዛናም ድንጋይ አንዱ ጽሑፍ ግሪክ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚነግረን፣ ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፣ በኋላ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ገና ጵጵስና ሳይቀበል በአክሱም የነበሩትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ ያበረታ ነበር። እርሱ ራሱ ተማርኮ የመጣ ነው፤ ሰዎቹም ለንግድ ከአገራቸው የወጡ ናቸው። እኛ በተከራየነው ቤት ተሰብስበን ስንጸልይ የምንሠራው ያንኑ ነው።

ስለዚህ በእሑድ ፈረቃ ይዟችሁ ቅዳሴ የሚያመልጣችሁ፣ «ገንዘብ መረጡ» ሲሏችሁ አትሰበሩ። አሠሪያችሁ ፈቃድ የሚሰጥበትን ቀን ለካህናቱ ንገሩ፤ ንስሐ አባት የሌላችሁ ያዙ። በሱቁም ሚዛናችሁ የቀና ይሁን፤ ለሚጠይቃችሁ ስለ ማተባችሁ በትሕትና መልሱ። በዚህ አገር ሕግ የሌላውን ሃይማኖት መንቀፍና መስበክ እንደሚያስቀጣ ግን አትዘንጉ። ሥራ ያለን ደግሞ ሥራ ለሌለው የአንድ ሳምንት ምግብ ወይም አንድ የስልክ ጥቆማ አንንፈግ።

ለሚቀጥለው ምዕራፍ 18ን አንብባችሁ ኑ። አቂላና ጵርስቅላ ከሮም ተባርረው ቆሮንቶስ ገብተው ድንኳን ይሰፉ ነበር፤ ሐዋርያውን በቤታቸው የተቀበሉት እነርሱ ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።