ደም የቀላቀለ ሽንትና ቢልሃርዝያ

ሽንቱ ደም የቀላቀለበት ሰው ሁሉ ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ መካከለኛና ታችኛ ክፍል፥ እንዲሁም በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ፥ የሽንት ፊኛ ቢልሃርዝያ ይገኛል። የትሉ እጭ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በዋናተኛው ቆዳ ይገባል። ትሉ አድጎ የሚጥለው እንቁላል የፊኛውን ግድግዳ ያቈስላል፤ እባጭም ያወጣል። ይህን እባጭ በመሣሪያ የተመለከተ ሐኪም እንኳ ካንሰር ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ታማሚው በየትኛው ወንዝ እንደ ዋኘ ለሐኪሙ እንዲነግር እንመክራለን፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለምና። እንቁላሉ በብዛት የሚወርደው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ስለሆነ፥ ለማይክሮስኮፕ ምርመራ የሚሰጠው ሽንት የዚሁ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል። ሆኖም ለብዙ ዓመታት የቆየ ቢልሃርዝያ እውነተኛውን ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል፥ እንቁላል ተገኘ ተብሎ የእባጩ ምርመራ ሊቀር አይገባም።