ከመግባታችን በፊት እናስፈቅድ፦ ከሮም ጉዞ የተገኘ ትምህርት



ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር የምትጋጩበት አንድ ነገር አለ፤ የተዘጋ በር። እናንተ “ፕራይቬሲ” ትላላችሁ፤ እናታችሁ ደግሞ “ከእኔ የሚደበቅ ምን አለ?” ብላ ታዝናለች። ዘመድ ለመጠየቅ ሮም በሄድኩበት ጊዜ ያስተዋልኩት ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ እንዳስብ አድርጎኛል።

በሮም ሕንፃዎች መግቢያ ላይ የነዋሪዎቹ የቤተሰብ ስም ከደወሉ አጠገብ ተጽፎ ይነበባል። የታጠበ ልብስም በየመስኮቱ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሆኖም ተጋብዞ የመጣ እንግዳ እንኳ በሩ ተከፍቶለት ደፉን ሲረግጥ “ፔርሜሶ?” ይላል፤ “ይፈቀድልኛል?” ማለቱ ነው። “አቫንቲ” ሲባል ይገባል። ጣሊያኖች “ፕራይቬሲ” የሚለውን ቃል ራሱ የወሰዱት ከእንግሊዝኛ ነው፤ የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ ያወጡትም እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የደፉ ሥርዓት ግን ሕግ አልጠበቀም።

እኛም ዘንድ “ቤቶች!” ብሎ ተጣርቶ መግባት የቆየ ወግ ነው። ከገቡ በኋላ ግን “ደመወዝህ ስንት ነው? ለምን አላገባሽም?” ብሎ መጠየቅ እንደ መቀራረብ ይቆጠራል። ወላጆቻችን የቤተሰብን ገመና ከውጭ ሰው አጥብቀው ይሸፍናሉ፤ በቤት ውስጥ ግን ሁሉ የጋራ ነው።

ኢስላም ሁለቱንም ያስተምረናል። ሱረቱ አን-ኑር ቁጥር 27 እና 28 ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ የሰው ቤት እንዳንገባ፣ “ተመለሱ” ከተባልንም እንድንመለስ ያዝዛሉ። ቁጥር 58 ደግሞ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል፦ ሕፃናት እንኳ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር የዕረፍት ሰዓትና ከዒሻእ ሶላት በኋላ ማስፈቀድ አለባቸው። በቁጥር 59 መሠረት ለአካለ መጠን ሲደርሱ እንደ ትልልቆቹ ያስፈቅዳሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተምረዋል። ዛሬ ዓይናችን ስልካችንም ጭምር ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1. ለወላጆቻችሁ “እዚህ አገር እንዲህ ነው” አትበሏቸው። ይህን አያ አብራችሁ አንብቡ፤ በሩ የተዘጋው በእነሱ ላይ እንዳልሆነ ይረዳሉ።

2. እናንተም የእነሱን በር አንኳኩ። መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው።

3. በሴቶች ግብዣ ላይ የተነሳ የእህታችሁን ወይም የአክስታችሁን ፎቶ ሳታስፈቅዱ ለማንም አትላኩ። ያለ ሒጃብ የታየች እህት ፎቶዋ አንዴ ከወጣ መልሳ ልትሸፍነው አትችልም።

4. ማስፈቀድ መራራቅ አይደለም። የታመመ ጎረቤት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ዚያራችንን ይጠብቃሉ። አንኳኩ፤ ሲፈቀድላችሁ ግቡ።

አላህ የሌላውን ገመና ከሚሸፍኑት ያድርገን። አሚን።