ጉልበት ሲከዳ፦ ስለላላ መገጣጠሚያና ስለ እግር መድከም

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቴ በትንሽ በትልቁ ወለም ይላል። አሁን አሁን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ወደ ማታ ደግሞ እግሬ ዝሎ መቆም ያቅተኛል። ራጅ ተነስቼ ምንም የለብሽም ተባልኩ። ቤተሰቦቼ «ብርድ መቶሽ ነው» ይሉኛል። ተማሪ ሳለሁ አውራ ጣቴን አጥፌ ክንዴን እያስነካሁ ጓደኞቼን አስደንቅ ነበር። ያ ነገር ከሕመሜ ጋር ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል። ጠያቂዋ በመጨረሻ ያነሱት ነገር ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ መጀመሪያ ሊነገር የሚገባው ነው። አጥንትን ከአጥንት አስሮ የሚይዘው ጅማት ነው፤ ጅማት ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያገኘው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ሰው ከተፈጥሮው ጅማቱ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ መገጣጠሚያውም መቆም ያለበት ቦታ ላይ አይቆምም። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ የጅማትን መላላት አይደለም። ስለዚህ ራጁ ንጹህ ሆነ ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም። «ምንም የለብህም» የሚል መልስ ይዘው ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዓመታት የሚያልፉባቸው ሕሙማን አሉ፤ ሰነፍ ወይም አስመሳይ የሚባሉም አይጠፉም። ይህ ትልቅ በደል ነው።

ሐኪሙ ያለ ምንም መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ የሚያደርገው ምርመራ አለ። የባይተን መለኪያ ይባላል፤ ከ9 ነጥብ ይታረማል። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ስትገፋ ከ90 ዲግሪ ካለፈች፣ አውራ ጣት ክንድን ከነካ፣ ክርንና ጉልበት ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ከተቀለበሱ በቀኝም በግራም አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍ ወለል ላይ ካረፈ አንድ ይጨመራል። ከጉርምስና በኋላ እስከ 50 ዓመት 5፣ ከዚያ በላይ 4፣ ለሕፃናት ደግሞ 6 ነጥብና ከዚያ በላይ መገጣጠሚያው የላላ መሆኑን ያሳያል። ዛሬ የዓለም ሐኪሞች የሚሠሩበት ይህ መለኪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡብ አፍሪካ በትስዋና ማኅበረሰብ ላይ በተደረገ ጥናት መሆኑን ማስታወስ ጥሩ ነው፤ ጉዳዩ የፈረንጅ በሽታ ብቻ የሚመስላቸው አሉና።

ነጥቡ ብቻውን በሽታ አይደለም። ብዙ ሰርከስ ሠሪዎችና ጂምናስቲከኞች ከፍተኛ ነጥብ ኖሯቸው አንዳች ሕመም የለባቸውም። መላላቱ ላይ ተደጋጋሚ ውልቃት፣ የቆየ ሕመምና ድካም ሲጨመር ግን ሐኪሙ ኤህለርስ ዳንሎስ ሲንድረም ወደተባለው የሕመም ቤተሰብ ያስባል። ስያሜው ከዴንማርካዊው ኤድቫርድ ኤህለርስና ከፈረንሳዊው ሄንሪ አሌክሳንደር ዳንሎስ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ 13 ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ከሁሉ የሚበዛው መገጣጠሚያን የሚያላላው ዓይነት ሲሆን እስካሁን ዘረ መሉ ያልተገኘለትም እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ «የደም ምርመራው ነጻ ነው» ተብሎ ሊዘጋ አይችልም። መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ የማያሟሉ፣ ነገር ግን በመላላቱ የሚሠቃዩ ሰዎችም ሌላ ስም ይሰጣቸው እንጂ ሕክምናቸው ያው ነው።

ጥያቄ፦ እኔም መገጣጠሚያዬ የላላ ነው ተብያለሁ። የማይገባኝ ጅማት ከላላ እግሬ ለምን ይደክማል? ቅዳሴ ላይ ስቆም ይብስብኛል፤ ልቤ ይመታል፣ ዓይኔም ጭልም ይላል።

መልስ፦ ጅማት ያልያዘውን መገጣጠሚያ የሚይዘው ጡንቻ ነው። የጭንና የዳሌ ጡንቻዎች ሰውየውን ከማራመድ ሌላ አጥንቱን ቦታው ላይ የማቆየት ሥራ ይደረብባቸዋል፤ ማታ የሚመጣው መዛል አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። ሌላም አለ። ጤናማ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈ ያውቃል። መገጣጠሚያው በላላ ሰው ላይ ይህ ስሜት ይደበዝዛል፤ እግሩ ኮብልስቶን ላይ እኩል ሳያርፍ ሲቀር ጡንቻው ዘግይቶ ይነቃል፣ ቁርጭምጭሚቱም ወለም ይላል። ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ መቀመጥ ሲያበዛ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ደግሞ መገጣጠሚያው የባሰ ይላላል።

አቋቋምም ያደክማል። ጉልበታቸው የላላ ሰዎች ብዙ ሲቆሙ ሳይታወቃቸው ጉልበታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው በጅማታቸው ላይ ይንጠለጠላሉ። ቅዳሴ ላይ ጉልበትን ጥቂት ላላ አድርጎ መቆም፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዘዋወር፣ መቋሚያ መደገፍ ይረዳል። በሕመም ምክንያት መቀመጥም ነውር የለበትም። የስግደቱን ነገር ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይበጃል፤ ጉልበትም አንጓም በአንድ ጊዜ ይጎዳሉና።

ልብ መምታቱና ዓይን መጨለሙ ግን ለብቻው ይመርመር። ሰው ተኝቶ ቆይቶ ሲቆም የደም ግፊቱ ሳይወርድ ልቡ በ10 ደቂቃ ውስጥ በደቂቃ 30 ምትና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ሁኔታውም ከቆየ፣ መገጣጠሚያቸው በላላ ሰዎች ላይ አዘውትሮ የሚታይ የደም ዝውውር ችግር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ውኃና ጨው መጨመር ይታዘዛል፤ ሆኖም ግፊትና ኩላሊት ሳይታዩ በራስ ፈቃድ ጨው ማብዛት አይገባም። ደም ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጥ አብሮ ይታያል።

ጥያቄ፦ ሽባ እሆናለሁ ብዬ እፈራለሁ። ፍርሃቴ ልክ ነው?

መልስ፦ የላላ መገጣጠሚያ በራሱ ሽባ አያደርግም። እግር የሚያደክመው ሁሉ ግን ከመገጣጠሚያ የመጣ አይደለም። በደምቢያና በፎገራ አካባቢ ብዙ ሰው የጎዳው የጓያ መርዝ እግርን ያደክማል፤ ነገር ግን የጓያው እግር ግትር ነው፣ አካሄዱም በእግር ጣት ወደ መሄድ ያደላል። የአከርካሪ ቲቢ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግርም መታሰብ አለባቸው። ሁለቱ እግሮች በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከደከሙ፣ በጭንና ጭን መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ ቀጠሮ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የጉልበቴ ሎሚ ይወልቃል። ወጌሻ ሲመልሰው ይሻለኛል፤ ግን ይደጋገማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፤ ሰው ወደ እሱ መሄዱ አይገርምም። ጅማቱ የላላ ሰው ግን በኃይል ሲጎተትና ሲታሽ ጅማቱ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ያልታየ ስብራት ካለም ይባባሳል። ሎሚው ሲወልቅ እግርን ቀስ አድርጎ መዘርጋት ብዙ ጊዜ በራሱ እንዲመለስ ያደርገዋል። ካልተመለሰ እግሩን ባለበት ደግፎ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው፤ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ ደግሞ በአስቸኳይ።

እንዳይደጋገም የሚያደርገው ዋናው ሕክምና የጡንቻ ሥራ ነው፤ ክኒን አይተካውም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲገኝ ከእሱ ጋር፣ ሲታጣም ቤት ውስጥ ይጀመራል። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለጊዜው ይቆየና ከፍ ያለ ወንበር ግድግዳ አስጠግቶ መቀመጥ። እግሮች በዳሌ ስፋት ይከፈታሉ፣ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ሳይወድቁ በእግር ጣቶች አቅጣጫ ይቆያሉ፤ በእጅ ሳይደገፉ ሦስት እየቆጠሩ መነሳት፣ ሦስት እየቆጠሩ መቀመጥ። ላይ ሲደረስ ጉልበት ወደ ኋላ እስኪቀለበስ አይዘረጋም፤ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በ5 ተጀምሮ ሕመም ሳይቀሰቀስ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በሌላ ጊዜ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳትና በአንድ እግር መቆም ይለመዳል። ለውጡ የሚታየው በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ የሚቆርጡት ብዙ ናቸው፣ ያሳዝናል። ሰውነትን ለማሳየት መለጠጥና ጣት ማንቋቋት ይቁም። ለመንገድ ከነጠላ ጫማ ይልቅ ተረከዝ የሚይዝ፣ በማሰሪያ የሚጠብቅ ጫማ ይመረጥ።

ጥያቄ፦ የእኔም መገጣጠሚያ የላላ ነው፤ አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጄም ይወርሰው ይሆን?

መልስ፦ መገጣጠሚያን የሚያላላው የኤህለርስ ዳንሎስ ዓይነት በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ዕድሉ በእያንዳንዱ እርግዝና 50 በመቶ ያህል ነው፤ የወረሰ ሁሉ ግን እኩል አይታመምም። በእርግዝና ሆርሞኖች ጅማትን ስለሚያላሉ የዳሌና የወገብ ሕመም ሊጨምር ይችላል። አዋላጇ ቀድማ ማወቅ ያለባት ሁለት ነገር አለ፦ ምጥ ሊፈጥን ይችላል፣ የማደንዘዣ መርፌም ቶሎ ሊለቅ ወይም በቂ ላይሆን ይችላል። ከቤተሰብ በወጣትነቱ በደም ሥር ወይም በአንጀት መቀደድ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም የእናትየዋ ቆዳ ስስ ሆኖ የደም ሥሮቿ ቁልጭ ብለው የሚታዩ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላና አደገኛው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ክትትሉ ከጤና ጣቢያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል አሁኑኑ ይዛወር።