ኦቲዝም ያለባቸው ልጆቻችንና የአምስቱ ወቅት ሥርዓት

በየሰፈራችን ከቤት የማይወጡ ልጆች አሉ። ጁሙዓ አይሄዱም፤ ለዒድ አዲስ ልብስ ቢገዛላቸውም ሰው ፊት አይቀርቡም። ጎረቤት ሲጠይቅ «አሞታል» ይባላል፤ ሌላው «ጅን ይዞት ነው» ብሎ ይደመድማል። እናትየውም አብራ ትታሰራለች፤ ተራዊሕ ከሰገደች ስንት ረመዳን እንዳለፋት የሚጠይቃት የለም። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ያለባቸው ኦቲዝም ነው።

ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ይለያል፤ ድምፅና ንክኪ ከልክ በላይ ሊሰማው ይችላል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ይጨነቃል። በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ሲጽፍ ነገሮች ሳይለወጡ እንዲቆዩላቸው አጥብቀው መፈለጋቸውን እንደ ዋነኛ ምልክት አስፍሯል። ኋላ ላይ ጥፋቱን በእናቶች ፍቅር ማነስ ያመካኙ ምሁራን ተነሥተው ነበር፤ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም እስከተለዩ ድረስ ለእነዚህ ልጆችና ለእናቶቻቸው ሲሟገቱ ኖረዋል።

እንግዲህ ልጁ የሚሻው የታወቀ ሥርዓት ከሆነ፣ ከሙስሊም ቤት የተሻለ ሥርዓት ያለው ቤት ከየት ይመጣል? ቀኑ በአምስት ወቅት ተከፍሏል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የመግሪብ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይንቀሳቀስም። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለር የመሠረተው የትምህርት ዘዴ፣ ልጁ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያበቃና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በዐይኑ አይቶ እንዲያውቅ ያደርጋል። ውዱእ እነዚህን አራቱንም ይመልሳል። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ፣ ራስ፣ እግር፤ ከዚያ መስገጃ።

አሠራሩ ገንዘብ አይጠይቅም። ከካርቶን ሰባት ቁራጭ ቆርጦ በእያንዳንዱ ላይ የሚታጠበውን አካል መሣልና ከቧንቧው አጠገብ በተራ መስቀል ነው። (ሥዕል የሚከብደው ወገን ፊት ሳይሥል ባዶ የፊት ክብ ብቻ ሊያደርግ ይችላል።) አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ካርቶኑን ያነሳል። ሲጀመር እናት ሁሉንም አብራው ትሥራና የመጨረሻውን፣ የእግሩን እጥበት ብቻ ለእሱ ትተው። ያን ሲለምድ ራስ ማበሱን ትጨምርለት። ከኋላ ወደ ፊት የሚሄደው ለዚህ ነው፦ ልጁ ሁልጊዜ በራሱ እጅ ጨርሶ ይነሳል። ንግግር ይቀነስ፤ አንድ ቃል ተናግሮ መጠበቅ አሥር ጊዜ ከመጮኽ ይሻላል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስጮኸው ከሆነ ሞቅ ይደረግለት፤ እምቢታው ጥጋብ አይደለም። ሳምንታት፣ ምናልባትም ወራት ይፈጃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ፣ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል።

ግዴታው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለሁሉም አንድ ፍርድ መስጠት አይቻልም። አእምሮ ለሌለው ብዕር መነሳቱ በሐዲስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ኦቲዝም ያለበት ሁሉ አእምሮ የለውም ማለት ትልቅ በደል ነው። ብዙዎቹ የሚያስቡ፣ የሚያውቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በአንደበታቸው መግለጽ የተሳናቸው ብቻ ናቸው። የየልጁን ሁኔታ ዓሊም ዘንድ አቅርቦ መጠየቅ ይገባል። ዱዓና ሩቅያም መልካም ነው፤ ማሰርና መግረፍ ግን ሩቅያ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው መስጊድ ነው። አዛን በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ አዛን የጠላ ይመስለናል፤ ጆሮውን አሞት ነው። በሰፍ መካከል ቢወዛወዝ ወይም ቢጮኽ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ይዞራል፤ አባትም ሳምንት ብቻውን ይመጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እያሰገዱ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሰላቱን ያሳጥሩ ነበር። መስጊድ ውስጥ የሸናውን የገጠር ሰው እንኳ ሰሓቦች ሊነሱበት ሲሉ ከልክለው ውሃ ብቻ እንዲፈስበት አዘዋል። የመስጊድ ኮሚቴዎች ምንጣፍና ሚናራ ለማሳደስ ገንዘብ ሲያሰባስቡ እናያለን። በበሩ አጠገብ፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ አንድ ጥግ ለእነዚህ ቤተሰቦች መለየት ግን ሳንቲም አያስወጣም። ቤተሰቡም በጁሙዓ ግርግር አይጀምር፤ ሰው በሚያንስበት በዐስር ሰላት፣ መጀመሪያ ጫማ አውልቆ ገብቶ መውጣት፣ ቀጥሎ አንድ ረከዓ፣ እንዲህ እያለ ያላምደው።

ረመዳን ሲገባ ይህ ሁሉ ሥርዓት ይገለበጣል። ቁርስና ምሳ ከገበታ ይጠፋሉ፤ ሌሊት ይበላል፤ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። ለልጁ ሳይነገረው ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የሚመጣውን ጩኸት ጅን አናድርገው። ሻዕባን ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ አዲሶቹን ካርቶኖች፣ የሱሑሩን፣ የኢፍጧሩን፣ ለማይጾመውም የራሱን ምሳ፣ ከቧንቧው አጠገብ ከአሮጌዎቹ ጎን እየሰቀሉ በየቀኑ ማሳየት ይቻላል። ለዒድ የተገዛውንም ልብስ ቀደም ብሎ አጥቦ ማለስለስ፣ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማልበስ ነው።