ዘይትንና ኮምጣጤን ማስታረቅ፦ ስለ ጃፓኖች የሰሊጥ ሶስ

ዘይትና ኮምጣጤን በአንድ ጠርሙስ ጨምሮ በኃይል የናጠ ሰው ሁለቱ የተዋሐዱ ይመስሉታል። ጠርሙሱ ከተቀመጠ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ለብቻው ይንሳፈፋል። ጃፓኖች በሰላጣ ላይ የሚያፈሱት «ጎማ ዶሬሺንጉ» የተባለው ሶስ ግን ከእነዚሁ ከሁለቱ ተሠርቶ እንደ ክሬም ወፍሮ ይቆያል። («ጎማ» በጃፓንኛ ሰሊጥ ማለት ነው፤ ከመኪና ጎማ ጋር ዝምድና የለውም።)

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ውስጥ በኮምጣጤ ላይ ቢንሳፈፍ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ገጽ 38 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ያው ዘይት ዲያሜትራቸው 5 ማይክሮ ሜትር ወደሆነ ጠብታዎች ቢከፋፈል፣ የጠብታዎቹ ጠቅላላ ገጽ (ይዘቱ በ6 ተባዝቶ ለዲያሜትሩ ሲካፈል) 120 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከ30,000 ጊዜ በላይ አደገ ማለት ነው። የገጽ ውጥረቱን 0.02 ኒውተን በሜትር ብንወስድ፣ ይህን ገጽ ለመፍጠር የሚያስፈልገው ጉልበት 2.4 ጁል ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ስኳር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከማንሳት አይበልጥም! ታዲያ ክንዳችን ስለምን ይዝላል? አብዛኛው ድካማችን ፈሳሹን በማማሰል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው። ከዚህም የከፋው ጠብታዎቹ እንደተፈጠሩ መልሰው መቀላቀላቸው ነው።

እዚህ ላይ አስታራቂ ያስፈልጋል። በእንቁላል አስኳል ውስጥ የሚገኘው ሌሲቲን አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ዘይትን የሚወድ ሞለኪውል ነው። ከአስኳሉ ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ጠብታዎቹን ይሸፍናል፤ የገጽ ውጥረቱን ይቀንሳል፤ እንዳይዋሐዱም ያግዳቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ አስኳል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በደንብ ይመታሉ። ከዚያም 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ሳይቋረጥ እየተመታ፣ መጀመሪያ በጠብታ፣ ሲወፍር በቀጭኑ ይጨመራል። የምግብ መጻሕፍት «በቀስታ» ብለው ያዝዛሉ፤ ምክንያቱን ግን ብዙ ጊዜ አይነግሩንም። በሳህኑ ያለው ውሃማ ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ዘይቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢፈስስ መምቻው ሊበታትነው አይችልም። ቀድመው የተፈጠሩት ጠብታዎች ግን ድብልቁን ስለሚያወፍሩት ኋላ የሚመጣውን ዘይት ለመሰባበር ያግዛሉ። በመጨረሻ ዘይቱ ከጠቅላላው ይዘት 77 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እኩል የሆኑ ሉሎች ያለ ሥርዓት ቢታጨቁ የሚሞሉት 64 በመቶ ያህል ነው፤ እንግዲህ ጠብታዎቹ ተጨፍልቀው ተቀምጠዋል፤ የውፍረቱ ምሥጢር ይህ ነው። መንጣቱም ብርሃን በእያንዳንዱ ጠብታ ገጽ ላይ ስለሚበተን ነው።

አሁን አንድ የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስና ተቆልቶ የተወቀጠ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ ይገባበታል። የአኩሪ አተሩ ሶስ ውሃማውን ክፍል ስለሚያበዛ ድብልቁ ቀጥኖ መፍሰስ ይጀምራል።

ቢበላሽ አይደፋም። በሌላ ሳህን አዲስ አስኳል ተመትቶ፣ የተለያየው ድብልቅ ልክ እንደ ዘይቱ በጠብታ ይጨመርበታል። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊይዝ እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም፤ ኮምጣጤው ባክቴሪያውን ለመግደሉ ዋስትና አይሆንም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕሙማን ከፋብሪካ የወጣ ማዮኔዝን መነሻ ማድረግ ይሻላል። በጾም ወቅት የተፈጨ ሰናፍጭ አስኳሉን በከፊል ይተካል፤ ሶሱ ግን ቀጠን ስለሚል ከመቅረቡ በፊት እንደገና ሊመታ ይገባል። የተረፈውም በፍሪጅ እንጂ በበረዶ ማስቀመጫ አይቀመጥ፤ ውሃው ሲረጋ የበረዶው ቅንጣቶች የጠብታዎቹን ሽፋን ይቀድዱታልና።