እሳት ማጥፋት፦ የመንግሥት ግዴታ ወይስ የገበያ ሸቀጥ?

ሁሉን ነገር ለገበያ መተው ይበጃል የሚሉ ወገኖች የእሳት አደጋ አገልግሎትንም አይምሩም። «የፈለገ ይክፈል፤ ያልከፈለ ኪሳራውን ይቀበል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሆኖም ማስረጃ የላቸውም ማለት አይደለምና በቅድሚያ እርሱን እንመልከት።

ለንደን እ.ኤ.አ. በ1666 በከባድ ቃጠሎ ከወደመች በኋላ ኒኮላስ ባርቦን የተባለ ነጋዴ በ1680ዎቹ መግቢያ ላይ የቤት ቃጠሎ ኢንሹራንስ ጀመረ። ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ የየራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጠሩ፤ በደንበኞቻቸው ግድግዳ ላይም የብረት ምልክት ለጠፉ። ምልክት የሌለውን ቤት ሲነድ እያዩ ያልፉ ነበር የሚለውን ወሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ይጠራጠሩታል። መጠራጠራቸውም ተገቢ ነው፤ ያልከፈለው ጎረቤት ቤት ሲነድ የከፈለው ደንበኛ ቤትም ይነዳልና! ስለዚህ ያልከፈለውም በነጻ ይገለገል ነበር። ኩባንያዎቹ በ1833 ኃይላቸውን አስተባብረው በጄምስ ብሬድውድ መሪነት አንድ ድርጅት አቋቋሙ። በ1861 ግን በቱሊ ጎዳና መጋዘኖች ላይ የተነሳው ቃጠሎ ብሬድውድን ከነሕይወቱ በላ፤ ኩባንያዎቹንም ክፉኛ አከሰረ። ከዚያ በኋላ ሸክሙን ተረከበን ብለው መንግሥትን የወተወቱት እነዚሁ ነጋዴዎች ናቸው! በ1865 ሕግ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት የከተማው እሳት አደጋ ሥራ ጀመረ።

ክፍያን መለኪያ ያደረገው አሠራር ወዴት እንደሚያደርስ በአሜሪካ ቴነሲ፣ በሳውዝ ፉልተን አካባቢ በ2010 ታይቷል። ከከተማው ክልል ውጭ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የዓመቱን 75 ዶላር አልከፈለም ነበር። ቤቱ ሲቃጠል አሁኑኑ እንክፈል ቢባል ሰሚ አልተገኘም። እሳት አጥፊዎቹ የመጡት ነበልባሉ ወደ ከፋዩ ጎረቤት ማሳ ሲዛመት ነው። ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው የግል ኩባንያ ሳይሆን የከተማው የራሱ መሥሪያ ቤት ነው። ጉዳቱ ያለው በባለቤቱ ማንነት ሳይሆን በክፍያው ሥርዓት ላይ ነው።

በሌላ በኩል በአሪዞና የስኮትስዴል ከተማ በውል ላስቀጠረችው የግል ኩባንያ ከራሷ ካዝና እየከፈለች ለአሥርተ ዓመታት ተገልግላለች። የነዋሪውን ደረሰኝ የጠየቀ አልነበረም። ሆኖም ኩባንያው ሥራውን ሲያቆም ከተማዋ በ2005 የራሷን ክፍል ማቋቋም ግድ ሆነባት። ነጋዴ ሲከስር ይሄዳል፤ እሳት ግን አይሄድም።

በፊቅህ እየነደደ ያለን ሰው ማዳን ፈርዱል ኪፋያ ነው፤ ከፊሉ ከፈጸመው ከሌላው ይነሳል፣ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃል። ይህ ቱቦውን የሚይዘው የመንግሥት ሠራተኛ ይሁን የኩባንያ አይወስንም። ተጠያቂነቱን ግን ከማኅበረሰቡ ላይ አያወርድም።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ሱቅ ከሱቅ ግድግዳ በሚጋራበት ተራ የከፋዩን ሱቅ ለይቶ ማዳን አይቻልም። የእሳት አደጋ መኪና በመተላለፊያው ጥበት ሲቸገር ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። መንገዱን የማስፋት፣ ውሃውን በቅርብ የማድረስ ሥልጣን ያለው አስተዳደሩ እንጂ ነጋዴው አይደለም።