ትምህርት አሥራ አራት፦ የመለማመጃ ሰሌዳ አመራረጥ

ዕቃን ስለ መምረጥ የሚጻፍ ድርሰት የጸሐፊውን ፍላጎት ብቻ ቢገልጽ አንባቢን አያሳምንም፤ እያንዳንዱ አስተያየት ከምክንያቱ ጋር መያያዝ አለበት። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ «ስለ»፣ «ምክንያቱም» እና «ስለዚህ» ይህን ተግባር እንዴት እንደሚያከናውኑ አስተውሉ።

ምንባብ

የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በንባብ ብቻ አይዘለቅም። ተማሪው ዕቃዎቹን በእጁ አገናኝቶ፣ አፍርሶና መልሶ ሠርቶ ማየት ይኖርበታል። ለዚህ የሚያገለግለው ብሬድቦርድ የሚባለው ባለቀዳዳ ሰሌዳ ነው። የስሙ ትርጉም የዳቦ መቁረጫ ሰሌዳ ነው፤ ምክንያቱም የቀድሞ ራዲዮ ሠሪዎች የሙከራ ዕቃዎቻቸውን የሚቸነክሩት በእንዲህ ያለ እንጨት ላይ ነበር። የዛሬው የፕላስቲክ ሰሌዳ ግን ምስማርም ሆነ ብየዳ አያስፈልገውም። በየቀዳዳው ሥር ያለው የብረት መቆንጠጫ የሽቦውን ጫፍ ይይዘዋል። በየረድፉ አምስት አምስት ቀዳዳዎች በውስጥ የተያያዙ ስለሆኑ፣ በአንድ ረድፍ የተሰኩ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው እንደ ተቋጠሩ ይቆጠራሉ።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በመጀመሪያ መጠኑ ይታያል። የተለመዱት ባለ 400 እና ባለ 830 ቀዳዳ ሰሌዳዎች ናቸው። ጀማሪ የሚጠቀመው በአንድ ትራንዚስተር፣ በአንዲት ትንሽ መብራትና በጥቂት ሬዚስተሮች ስለሆነ ባለ 400ው ይበቃዋል። አይ.ሲ. የሚባሉትን ባለብዙ እግር ዕቃዎች በብዛት ለሚያገናኝ ግን ባለ 830ው ይሻላል።

ሁለተኛው መስፈርት የመቆንጠጫው ጥንካሬ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። የላላ መቆንጠጫ ሽቦውን አንዴ ይነካዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። ሁሉም በትክክል ተገናኝቶ ሳለ መብራቱ እምቢ ሲል፣ ጀማሪው ጥፋቱን የሚፈልገው ከሰሌዳው ሳይሆን ከራሱ ዕውቀት ነው። «ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ የሚተወውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከዋጋው የተቆጠበው ጥቂት ብር ኋላ ተስፋን ሊያስከፍል ይችላል። ከመግዛት በፊት 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽቦ በተለያዩ ቀዳዳዎች እየተሰካ ይሞከር፤ ሳይጣመም ሊገባ፣ ሰሌዳው ቢገለበጥም ሳይወድቅ ሊቆይ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ በሰሌዳው ዳርና ዳር የተዘረጉት የኃይል መስመሮች ይመርመሩ። በአንዳንዱ ሰሌዳ መስመሩ መሐል ላይ ስለሚቋረጥ ግማሹ ወገን ኃይል ሳያገኝ ይቀራል። ይህ የአሠራር ልዩነት እንጂ ብልሽት አይደለም፤ በአጭር ሽቦ ይያያዛል።

በመጨረሻም ሰሌዳው የተሠራው እንደ ባትሪ ድንጋይ ላለ አነስተኛ ኃይል ነው። የቤት መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ሕይወትን ያጠፋል፤ ከዚህ ሰሌዳ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

ልብ በሉ፦ «ስለ» ከግሥ ጋር ሲጣመር ምክንያቱ ይቀድማል፣ ውጤቱ ይከተላል። «ምክንያቱም» ሲገባ ውጤቱ ይቀድማል። «ስለዚህ» ደግሞ ቀድሞ የተነገረውን ምክንያት አድርጎ ውጤቱን ያስከትላል።

መልመጃ

1. የላላ መቆንጠጫ ከገንዘብ ኪሳራ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እንዴት ነው?
2. «መቆንጠጫው ላላ። መብራቱ አልበራም።» እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ በ«ስለ»፣ ቀጥሎም በ«ምክንያቱም» አያይዙ።
3. ለትምህርት የሚያገለግላችሁን አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ የአመራረጡን ሦስት መስፈርቶች ከነምክንያታቸው በሁለት አንቀጽ ጻፉ።